የአንድ ጉድጓድ ምስክርነት፤ ስለ ውሃ ስርገት ፈተና የቀረበ ሒስ

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መሠረቱ፤ ስለ ግድግዳውና ስለ ጣራው ነው። ከቤቱ የሚወጣው እድፋም ውሃ ወዴት እንደሚሄድ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የከተማ የፍሳሽ መስመር በደረሰበት ሰፈር ይህ አሳብ ብዙ አያስጨንቅ ይሆናል። መስመሩ ባልደረሰበት ቦታ ግን ውሃውን የሚቀበለው ያው የግቢው መሬት ስለ ሆነ፤ መሬቱ እሺ ብሎ መቀበሉን ወይም እምቢ ማለቱን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል ተብሎ በብዙ አገር የሚሠራበት መንገድ የውሃ ስርገት ፈተና ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነውም ይህንኑ ፈተና ነው።

ነገሩን ከሩቅ አላመጣነውም። አንድ ዘመዳችን በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ በጥቁር መሬት ላይ ቤት ሠሩ። በየካቲት ወር የሥራ ተቋራጩ ጉድጓድ ቈፍሮ ውሃ ቢያፈስበት ውሃው ዐይን እያየ ወደ ውስጥ ጠፋ። መሬቱ ጥሩ ጠጪ ነው ተባለ፤ ታንኩም ማስረጊያ ቦዩም በዚያው ሒሳብ ተሠራ። ሐምሌ ሲገባ ቦዩ የተቀበረበት ሥፍራ ረጠበ፤ ቀጥሎም ሸተተ፤ በመጨረሻም እድፋሙ ውሃ ወደ ላይ እየገነፈለ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ላይ ተኛ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤትም ስሞታውን ይዞ መጣ። ተቋራጩ አልዋሸም፤ ያየውን ተናገረ። ዘመዳችንም አልሰሰቱም፤ የተጠየቁትን ከፈሉ። እንግዲያው ያታለላቸው ማን ነው? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፤ ያታለላቸው ያ በየካቲት የታየው ፈጣን ውሃ ነው። ጥፋቱ ግን የውሃው አይደለም፤ ከአንድ ቀን ምስክርነት የዓመት ፍርድ ያወጣው አሠራር ነው።

ለምርመራችን መነሻ ያደረግነው የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በ1957 ያሳተመውንና በ1967 አሻሽሎ ያወጣውን የሴፕቲክ ታንክ አሠራር መመሪያ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ይህን መጽሐፍ የመረጥነው ዛሬ የመጨረሻው ቃል ስለ ሆነ አይደለም፤ በራሱ አገር እንኳ በብዙ ሥፍራ በሌላ ደንብ ተተክቷል። የመረጥነው ፈተናውን ደረጃ በደረጃ አስቀምጦ፤ ከፈተናው ቁጥር እስከ ቦዩ ስፋት የሚያደርሰውን ሒሳብ በግልጽ ስላሳየ ነው። በግልጽ የተጻፈ ነገር ለመተቸትም ይመቻል።

አስቀድመን አሠራሩን እናስታውስ። የቤቱ ውሃ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ ሲገባ ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ የመካከሉ ውሃ ታንኩን አልፎ ጠጠር ወደ ተሞሉ ቦዮች ይሄዳል። ይህ ውሃ ገና ንጹሕ አይደለም፤ የሚያነጻው አፈሩ ነው፤ ይኸውም ውሃው በውስጡ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ነው። መመሪያው ቦዮቹ በታሰቡበት ሥፍራ ቢያንስ 6 ጉድጓዶች እንዲቈፈሩ ያዝዛል። የእያንዳንዱ ስፋት ከ4 እስከ 12 ኢንች፤ ጥልቀቱም ቦዩ እስከሚደርስበት ድረስ ነው። ግድግዳው ይፋቅና ከታች 2 ኢንች ጠጠር ወይም ሻካራ አሸዋ ይነጠፋል። ከዚያም ውሃ ተሞልቶ ቢያንስ ለ4 ሰዓት፤ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ፤ እንዳይጐድል እየተጨመረ ይቈያል። በማግስቱ ጉድጓዱ ደርቆ ከተገኘ፤ ውሃው ከጠጠሩ በላይ 6 ኢንች እንዲሆን እየተሞላ በየ30 ደቂቃው የወረደው ልክ ለ4 ሰዓት ይለካል፤ ለሒሳብ የሚወሰደውም የመጨረሻው 30 ደቂቃ መውረድ ነው። ውሃው አንድ ኢንች ለመውረድ ከ60 ደቂቃ በላይ ከፈጀበት መሬቱ ለማስረጊያ ቦይ አይሆንም ይባላል።

ከመንቀፋችን በፊት የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። ፈተናው ባልዲ፤ መለኪያ ዘንግና ሰዓት ካለ ማንም ሊሠራው የሚችል ነው። የመመሪያው ደራሲዎችም የዋሆች አልነበሩም። ውሃ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ መሙላቱ አንድ ነገር፤ ወደ ሸክላው ቅንጣት ራሱ ገብቶ ማሳበጡ ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ለይተው ጽፈዋል። ፊተኛው በአጭር ጊዜ ይሆናል፤ ኋለኛው ግን ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ጉድጓዱ ሌሊቱን ውሃ ይዞ እንዲያድር ያዘዙትም ስለዚሁ ነው። ከቦዩ ወለል በታች የከርሰ ምድር ውሃም ሆነ ቋጥኝ ቢያንስ 4 ጫማ መራቅ እንዳለበትም አሳስበዋል። ብዙ ጊዜ ይህ ማሳሰቢያ ተረስቶ ቁጥሩ ብቻ ይያዛል፤ ለዚህ ጥፋት መጽሐፉን መክሰስ አይገባም።

የመጀመሪያው ነቀፋችን ስለ ጉድጓዱ ስፋት ነው። መመሪያው ከ4 እስከ 12 ኢንች ሲል ልዩነቱ ለቈፋሪው ምቾት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ውሃው የሚሰርገው በወለሉ ብቻ ሳይሆን በግድግዳውም በኩል ነው። ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ውሃው 6 ኢንች ቆሞ ሳለ፤ ባለ 4 ኢንቹ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ የሚነካው የአፈር ገጽ ከውሃው የላይ ገጽ 7 እጥፍ ይሆናል። ባለ 12 ኢንቹ ውስጥ ግን 3 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አፈሩ አንድ ዓይነት ሆኖ፤ በየገጹ እኩል ቢጠጣ እንኳ፤ በጠባቡ ጉድጓድ ውስጥ ውሃው ከሁለት እጥፍ በላይ ፈጥኖ ይወርዳል። በሰፊው ጉድጓድ አንድ ኢንች በ28 ደቂቃ የወረደው በጠባቡ በ12 ደቂቃ ይወርዳል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ አይቀርም። በመመሪያው ቀመር አንድ ካሬ ጫማ መሬት በቀን የሚቀበለው ጋሎን የሚገኘው 5 ለደቂቃው ካሬ ሥር ተካፍሎ ነው። በቀን 300 ጋሎን ለሚያፈስ ቤት በ28 ደቂቃው ሒሳብ 318 ካሬ ጫማ ያህል ሲያስፈልግ፤ በ12 ደቂቃው 208 ያህል ይበቃል ይባላል። መሬቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መሰርሰሪያው ነው። በእንግሊዝ አገር የሕንፃ መመሪያ ውስጥ ጉድጓዱ በአራቱም ወገን 300 ሚሊ ሜትር እንዲሆን መወሰኑ ከዚህ ስሕተት የሚያድን ስለ ሆነ፤ በዚህ ረገድ የተሻለ ሆኖ እናገኘዋለን።

ሁለተኛው ነቀፋችን የሚመለከተው የውሃውን ዓይነት ነው። ፈተናው የሚሠራው በንጹሕ ውሃ ነው፤ ቦዩ የሚቀበለው ግን እድፋም ውሃ ነው። እድፋሙ ውሃ በቦዩ ወለልና ግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ ጥቁርና ልጋጋም ቅርፊት ያበጃል፤ ይህም የባክቴሪያና የደቃቅ ጉድፍ ክምችት ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ዮሐንስ ባውማ ባደረገው ምርምር፤ ቅርፊቱ ከተበጀ በኋላ ከላይ ውሃ ቆሞ ሳለ ከሥር ያለው አፈር ገና ሳይጠግብ ሊቈይ እንደሚችል ታየ። እንግዲህ የውሃውን ፍጥነት የሚወስነው በፈተናው ቀን የነበረው አፈር ብቻ አይደለም፤ በኋላ የበቀለው ቅርፊትም ነው።

የመመሪያው ሰዎች ይህን በሌላ መንገድ ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ኢንች በ60 ደቂቃ የሚወርድበት መሬት በ24 ሰዓት 24 ኢንች ንጹሕ ውሃ ያወርዳል። ቀመሩ ግን ለዚሁ መሬት በቀን የሚፈቅደው እድፋም ውሃ ወደ 1 ኢንች ያህል ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ቅናሽ ከየት መጣ? የፈተናው መሥራች ሄንሪ ራየን በ1920ዎቹ ዓመታት በኒው ዮርክ ግዛት የተቀበሩ ማስረጊያዎችን እየተመለከተ፤ የትኛው እንደ ተሳካና የትኛው እንደ ተበላሸ ከፈተናው ቁጥር ጋር አስተያየ። ስለዚህ ቀመሩ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ በአንድ አገር አፈር፤ በአንድ አገር የአየር ጠባይና በአንድ አገር ኑሮ ላይ የተገኘ የልምድ ሚዛን ነው። ሚዛን ደግሞ ከገበያ ወደ ገበያ ሲዘዋወር እንደገና መፈተሽ አለበት።

የኑሮውን ነገር ካነሣን አንድ ምሳሌ እንጨምር። የመመሪያው ሰንጠረዥ የቦዩን ስፋት የሚሰጠው በመኝታ ቤት ቁጥር ነው፤ ለ60 ደቂቃ መሬት በየመኝታ ቤቱ 330 ካሬ ጫማ ይላል። በአሳቡ ውስጥ በአንድ መኝታ ቤት ሁለት ሰዎች አሉ። በእኛ ቤት ግን ከገጠር ለትምህርት የመጣ የወንድም ልጅ፤ ለሕክምና የመጡ አክስት፤ ለበዓል የሚሰበሰብ ዘመድ አለ። በመኝታ ቤት የተቈጠረ ሰው በእንጀራ ሰሃን ከተቈጠረው ያንሳል።

ሦስተኛውና ዋናው ነቀፋችን ስለ ወቅት ነው። መመሪያው ጉድጓዱ ውሃ ይዞ ማደሩ አፈሩን እጅግ እርጥብ በሆነው ወቅት ወደሚደርስበት ሁኔታ ያቀርበዋል፤ ስለዚህ ፈተናው በደረቅም በዝናብም ጊዜ ቢሠራ ውጤቱ ይመሳሰላል ብሎ ያምናል። ይህ እምነት በመረሬ መሬት ላይ የሚጸና አይመስለንም። መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ጥቁር ሸክላ በኢትዮጵያ ወደ 12 ሚሊዮን ተኩል ሄክታር እንደሚሸፍን ይገመታል። በአዲስ አበባም ከእንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር ሲበዛ፤ ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ ሲወረድ ጥቁሩ መሬት ይበዛል። በዚህ አፈር ውስጥ ሞንትሞሪሎናይትን የመሰለ ሸክላ ስላለ፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ከግማሽ ሜትር አልፎ እስከ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሰነጠቃል። በየካቲት በፈተናው ጉድጓድ ውስጥ የፈሰሰ ውሃ በአፈሩ አልሰረገም፤ በስንጥቁ ሸሸ እንጂ። አንድ ሌሊት የፈሰሰ የባልዲ ውሃም በአካባቢው ያለውን ስንጥቅ ሁሉ አይዘጋም። ስንጥቁን የሚዘጋው ከሰኔ ጀምሮ ሳምንት በሳምንት ላይ የሚወርደው ዝናም ነው። ያን ጊዜ ያው መሬት እንደ ሸክላ ድስት ውሃ ይይዛል።

የእንግሊዙ መመሪያ ፈተናው በድርቅ፤ በብርቱ ውርጭ ወይም በከባድ ዝናም ጊዜ፤ ባጭሩ ባልተለመደ የአየር ጠባይ እንዳይሠራ ያስጠነቅቃል። ለእንግሊዝ አገር ጥሩ ምክር ነው። ለእኛ ግን ረጅሙ ደረቅ ጊዜና ከባዱ ዝናም በየዓመቱ የሚመላለሱ የተለመዱ ነገሮች ናቸው። ማስረጊያው በሁለቱም መሥራት አለበት። ፈተናውም መሬቱ በሚደክምበት ወቅት፤ ይኸውም በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ካልተሠራ፤ ዘመዳችንን ያሳሳተው ነገር ነገም ሌላውን ማሳሳቱ አይቀርም።

በዚህ ጉዳይ ከቤተ ሙከራ በፊት የፈተነ ሰው አለ፤ እርሱም ገበሬው ነው። ገበሬው በመረሬ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ክረምቱ ሲገባ ሳይሆን ሊወጣ ሲል ነው፤ መሬቱ በመካከሉ በውሃ እንደሚታፈን ስለሚያውቅ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ደግሞ መደብና ፈሰስ በእጅ እየተሠራ ውሃው ከማሳው እንዲንጠፈጠፍ ይደረጋል። ይህ በብዙ ክረምት የተደጋገመ የስርገት ፈተና አይደለምን? አንድ መሬት ቤት ሳይሠራበት ሽምብራ ይዘራበት እንደ ነበረ ከሽማግሌ ጠይቆ መረዳት ከአንድ ቀን የባልዲ ውሃ የሚበልጥ ማስረጃ ነው እንላለን። ዛሬ የከተማ ቤቶች የሚስፋፉት አብዛኛውን ጊዜ በትናንቱ የእርሻ ማሳ ላይ ስለ ሆነ፤ ምስክሩ ገና ከአካባቢው አልጠፋም።

አራተኛው ነቀፋችን አጭር ቢሆንም ቀላል አይደለም። የአሜሪካው ሰንጠረዥ ውሃው በፈጠነ ቍጥር ቦዩ እንዲጠብብ ይፈቅዳል፤ አንድ ኢንች በ1 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ለሚወርድበት መሬት በየመኝታ ቤቱ 70 ካሬ ጫማ ይበቃል ይላል። ፈጣን መሬት ግን ሁልጊዜ ደግ መሬት አይደለም። ውሃው ቶሎ ካለፈ አፈሩ ሳያነጻው ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይደርሳል። እንግሊዞቹ ለዚህም ወሰን አበጅተዋል፤ ውሃው አንድ ሚሊ ሜትር ለመውረድ በአማካይ ከ12 ሴኮንድ በታች ወይም ከ100 ሴኮንድ በላይ ከፈጀበት መሬቱ አይፈቀድም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ በአቃቂ ከተቈፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች የሚመጣ፤ ውሃውንም የሚይዙት ስንጥቅና ቀዳዳ የበዛባቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች መሆናቸውን ስናስብ፤ የዘገየው መሬት የባለ ቤቱን ግቢ ሲያበላሽ የፈጠነው መሬት የሌላውን ሰው ብርጭቆ ሊያበላሽ እንደሚችል እንረዳለን። የመጀመሪያው ጥፋት ይሸታል፤ ሁለተኛው ግን አይሸትም። የሚያስፈራውም ይህ ነው።

በዚህ አስተያየታችን ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። ሰው ቤት ለመሥራት እስከ ነሐሴ መጠበቅ አይችልም፤ የአፈር ሊቅ መቅጠርም ወጪ ነው፤ ጉድለት ያለበት ፈተና ከፈተና ማጣት ይሻላል ይባል ይሆናል። ተቃውሞው ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ታንኩ በየክረምቱ ሲሞላ መጣጭ መኪና እየጠሩ መክፈልም ወጪ ነው፤ የልጅ ተቅማጥም ወጪ ነው። ደግሞም ጉድለት ያለበት ፈተና ከምንም የሚሻለው ጉድለቱ ሲታወቅ ነው። ጉድለቱ ያልታወቀ እንደ ሆነ ሰውን ጥንቃቄ ያስጥለዋል፤ ያን ጊዜ ከምንም የባሰ ይሆናል።

እንግዲህ ፈተናው ይጣል አንልም፤ ብቻውን አይፍረድ እንላለን። በመጀመሪያ፤ አንድ ሰው ቆሞ የሚገባበት ጉድጓድ ከቦዩ ጥልቀት አሳልፎ ይቈፈርና የአፈሩ ግድግዳ ይታይ። በአፈሩ ውስጥ ግራጫና የዛገ ቀለም እየተዝጐረጐረ ከታየ ውሃ በዓመት ውስጥ ለብዙ ጊዜ እዚያ እንደሚቆም ያመለክታል፤ እንደ ተወለወለ የሚያብለጨልጭ ገጽ ከተገኘም አፈሩ እያበጠና እየተኮማተረ እርስ በርሱ እንደሚፋተግ ያመለክታል። ይህ ምልክት በየካቲትም ቢሆን አይጠፋም። በአሜሪካም ብዙ ግዛቶች ዛሬ በባልዲው ፈንታ ወይም ከባልዲው ጋር የአፈሩን ግድግዳ የሚያነቡት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፤ የጉድጓዱ ስፋት አንድና የተወሰነ ይሁን። ሦስተኛ፤ በጥቁር መሬት ላይ በበጋ የተገኘ ጥሩ ውጤት እንደ ጥሩ ውጤት አይቈጠር፤ በክረምት ይደገም። አራተኛ፤ የውሃው መጠን በመኝታ ቤት ሳይሆን በቤቱ በሚኖረው ሰው ልክ ይታሰብ። አምስተኛ፤ እጅግ ለፈጠነውም መሬት ወሰን ይደረግለት።

መሬቱ እምቢ ካለስ? ያን ጊዜ እምቢታውን መቀበል ነው። ከመሬት በላይ በአሸዋ ጕብታ ማስረግ፤ ወይም ውሃ የማያሳልፍ ታንክ ሠርቶ በወቅቱ ማስመጠጥ፤ ወይም ጎረቤት ከጎረቤት ተባብሮ የፍሳሽ መስመር መጠየቅ ይቻላል። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ዋጋቸው ግን ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ሲታወቅና ከተሠራ በኋላ ሲታወቅ አንድ አይደለም።

የስርገት ፈተና የሚመልሰው ጥያቄ ንጹሕ ውሃ ዛሬ በዚህ ጉድጓድ ምን ያህል ይፈጥናል የሚለውን ነው። ባለ ቤቱ የሚጠይቀው ግን እድፋሙ ውሃ በነሐሴም፤ ከዓመታት በኋላም፤ እኔንና ጎረቤቴን ሳይጎዳ ይሄዳል ወይ ብሎ ነው። የፊተኛውን መልስ ለኋለኛው ጥያቄ መስጠት በትምህርት ቤት ፈተና ላይ እንኳ ማርክ ያስቀንሳል። ዘመዳችን ዛሬ የግቢያቸውን ማስረጊያ አስዘግተው ታንኩን እያስመጠጡ ይኖራሉ፤ ልጆቹም ከዚያ ሥፍራ ርቀው ይጫወታሉ። በዚህ ኮሌጅ አፈርን፤ ምሕንድስናንና ጤናን የምናጠና ተማሪዎች በየፊናችን የምናውቀውን አንድ ላይ ብናደርገው፤ ለመረሬ መሬታችን የሚስማማ ሚዛን ለማበጀት የሚቀረን ጥቂት ክረምት በጭቃ ውስጥ ቆሞ መለካት ብቻ ነው።